መሄጃና መመለሻ

ያኔ «ማሳ» ሲባል የማውቀው የሸንኮራ ማሳን ብቻ ነበር። የተወለድኩት ወንጂ ነው፤ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር በሚመረትበት፣ ዓይን እስኪደክም ሸንኮራ በሆነ ሜዳ። አዳማ ጋራዥ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ማሳውን እይ» ሲሉኝ ቀና ብዬ ከአጥሩ ባሻገር ተመለከትኩ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ለካ በጋራዥ አፍ ማሳ ማለት የባትሪው ኔጌቲቭ ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ነው። ጣሊያን ሄዶ ቃሉ ቀርቷል፦ ማሳ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ግራሶ። ተምሬያለሁ ብዬ ገብቼ ፊደል ከመቁጠር ጀመርኩ።

የጋራዡን «ማሳ» የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ የገባኝ ግን ጳጉሜ 1999 ላይ ነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ነበር፤ አገሩም ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ ይላል። አንድ የመቂ ሽንኩርት አምራች ሞተር ሳይክላቸውን ከሽንኩርት ጆንያ ጋር በአይሱዙ ጭነው መጡ። ጉደኛ ነገር ነበረች። ሻሲዋ የአሮጌ ያማሃ ዲቲ፣ ሞተሯ የቻይና፣ የቤንዚን ሰልባትዮዋ ከየት እንደመጣ እሳቸውም አያውቁም። ኪኩ ከሻሲው ጋር ስለሚጋጭ ተቆርጦ ተጥሏል። ለበዓሉ ብለው እስከ ብሎኗ አስፈትተው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አስቀብተዋታል፤ ከቀለሙ ወዲህ ግን በስታርተር አልነሳ አለች።

ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ፏ ይላል። ስታርተሩን ሲጫኑት ጠቅ፤ ከዚያ ዝም። ገፍተው፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ደግሞ ባንዴ ትነሳለች። ካንዴላውም ቤንዚኑም ደህና ነው ማለት ነው።

«ባትሪው ነው» አልኩ። በስምጥ ሸለቆ ልጅ ይህ አያስፈርድም። እኛ ዘንድ ባትሪ የሚሞተው በውሃ ነው፤ የብዙዎቻችንን ጥርስ ያበለዘውን፣ ፍሎራይድና ጨው የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ሰው ለባትሪውም ያጠጣል። ለተጣራው የባትሪ ውሃ የሚወጣውን ጥቂት ብር ቆጥቦ ባትሪውን ይገድላል። (እባካችሁ አታድርጉት።) ቴስተሩ ግን 12.6 አሳየኝ፤ ስታርተሩን ስጫነውም ያው። የደከመ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ቮልቱ ከ10 በታች ይወርድ፣ መብራቱም ይፈዝ ነበር። ይኸኛው ንቅንቅ አላለም። ቮልቱ ያልወረደው ጉልበቱን የሚጠጣው ስለሌለ መሆኑን ያኔ ብረዳ ግማሽ ቀን ባልለፋሁ።

የሪሌውን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ አገናኘሁ፤ ዝም። እንግዲያው ሞተሪኖው ነው ብዬ ፈታሁት። ካርቦኑ አልቋል ብዬ ፈረድኩና (አላለቀም ነበር) ሱቅ ሮጬ አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። ጠቅ። ዝም። ሰውየው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

ጋሼ ቡናቸውን ጨርሰው መጡ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አሳረፉና «ተጫን» አሉኝ። ዜሮ አጠገብ መቆየት የነበረበት ቁጥር 11ን አለፈ።

«መሄጃውን ስትፈትሽ ዋልክ፤ መመለሻውን ማን ያይልሃል?» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ኤሌክትሪክ እንደ ውሃ ሄዶ ፈስሶ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። የሞተሪኖው መመለሻ ሽቦ የለውም፤ ገላው ነው ሽቦው። ከገላው ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ሻሲው፣ ከሻሲው በአንዲት ብሎን በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። መብራቱና ሪሌው ግን በቀጭን ሽቦ በቀጥታ ኔጌቲቩ ላይ ታስረዋል፤ አንዱ ፏ፣ ሌላው ጠቅ የሚለው ለዚህ ነው። ያቺ ብሎን ደግሞ ቢጫው ላይ ነበረች። ቀቢው አሳምሮ፣ ሁለት እጅ ቀለም ደርቦ ብረቱን ሸፍኖታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አዲስ ቀለም የተቀባች ሞተር ሳይክል አልነሳ ስትል ዛሬም መጀመሪያ የማየው ያንን ቦታ ነው።

ጋሼ ወፍራም ገመድ ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ ብረት አገናኝተው እንደገና አስጫኑኝ፤ ተነሳች። ከዚያ ብሎኗን ፈትተው የብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ። የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ እስክታበራ ፈገፈግኩ። ባለቤቱ ደነገጡ።

«ኧረ ቢጫዬን ላጠው!»

«ኦቦ፣ ይታገሱት፤ እሱ ካልተላጠ እየገፉ ነው መቂ የሚገቡት» አሏቸው ጋሼ።

ብሎኗን አጥብቀን ላይዋን ግራሶ ቀባን፤ የአዳማ ነፋስ ከአቧራው ጋር ዝገት እንዳያመጣ። ያ ነፋስ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ከከተማዋ ዳር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ አዳማ አንድ ብቻ 51 ሜጋዋት አቅም አለው። ያኔ ለእኛ የሚያመጣው አቧራ ብቻ ነበር።

ሰውየው በበዓሉ ዋዜማ በሞጆ በኩል ወደ መቂ እየጋለቡ ሄዱ። ሂሳባቸው ላይ ካርቦን አልተጻፈም፤ ዋጋው ከእኔ የሳምንት ክፍያ ተቆረጠ።