«ዛሬ ካልወሰዱ ነገ ይጨምራል»

ባለፉት ጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጅም ይሁን ቆርቆሮ፣ አፓርታማም ይሁን የእንጀራ ምጣድ ለመግዛት ወጥቶ «ዛሬ ካልወሰዱ ነገ ይጨምራል» ሳይባል የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። ቤት የሚሸጡት ልጆች በስልክ ይሉታል፣ የብረት ነጋዴው ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ይለዋል፣ ሶላር የሚያዞረው ሴልስ ቢሮ ድረስ ሄዶ ይለዋል። ንግግሩ ደግሞ ይሠራል። ሰው ይደነግጣል፣ ይበደራል፣ ይከፍላል፤ የወሩ ታርጌትም ይሞላል። እኔ ግን ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ሽያጭን እንጀራዬ ብሎ የያዘ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊተወው የሚገባው ይህንኑ ንግግር ነው እላለሁ። ይህን የምለው ማስፈራራት ነውር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ገንዘብ በጠበበ ጊዜ ገዢው ከዋጋው ይልቅ የሚፈራው ነገውን ነው። ዕቃው ቢበላሽስ፣ ሥራዬ ቢቀዘቅዝስ፣ ልጄ ቢታመምስ፣ ብድሩን መክፈል ቢያቅተኝስ ይላል። ከዓመት ዓመት ሸጦ መኖር የሚችለው ይህን ፍርሃት የሚያቀልለት ሻጭ ነው፤ የሚያባብስበት ሻጭ የሚሸጠው ለአንድ ጊዜ ነው።

ለንግግሩ ተገቢውን ፍርድ እንስጠው፤ ከሜዳ የመጣ ውሸት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ ኤልሲ እንዳይከፈትላቸው ከለከለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀለት፤ በኋላ ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነና በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ «ይጨምራል» ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። ነገር ግን ገዢው ራሱ በየቀኑ በጤፍና በዘይት የሚያየውን ነገር መልሶ መንገር ምን ሙያ ይጠይቃል? ደግሞም ሁሉም ዕቃ በተባለው ልክ አልጨመረም። ከውጭ የሚገባው ብዙ ዕቃ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ይተመን ስለነበር፣ ዋጋው የባንኩ ዶላር በዘለለበት መጠን አልዘለለም። በዚያ ሐምሌ ተደናግጦ፣ ተበድሮ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያሰበውን ዕቃ የገዛ ሰው ይህን ውሎ አድሮ አይቶታል። ያስደነገጠውን ሻጭም አልረሳውም። ሻጩ በዓመቱ ሲደውልለት የሚያገኘው መልስ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ነው።

አንድ ፕሮፎርማ ፊት ለፊታችን እናስቀምጥ። ራስጌው ላይ የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ ቁጥሩ አለ፤ መሃሉ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ነጠላ ዋጋው፤ ዝቅ ብሎ 15 በመቶ ቫት፣ ጠቅላላ ድምር፣ ፊርማና ማኅተም። ከሁሉ በታች በትንንሽ ፊደል «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ3 ቀን ብቻ ነው» ይላል። አሁን ይህ ወረቀት የሊጥ ማቡኪያ ገዝታ ትንሽ ዳቦ ቤት ልትከፍት ባሰበች ሴት እጅ ነው እንበል። በ3 ቀን ውስጥ እህት ወንድሞቿን ታማክር? ባንክ ትጠይቅ? ከዕቁቡ ሰብሳቢ ጋር ትነጋገር? ተራው ሴልስ ያቺን መስመር እንደ ዱላ ይይዛታል፤ «ሐሙስ ካለፈ በዚህ ዋጋ አያገኙትም» ይልና ይሄዳል። ሙያውን የሚያውቀው ደግሞ ቁጭ ብሎ 3 ቀን የተባለበትን ምክንያት ያስረዳታል። ድርጅቱ ይህን ማሽን ሸጦ ሌላ የሚያስመጣው በዚያን ቀን ምንዛሪ መሆኑን ይነግራታል፣ ከመምጣቱ በፊትም ስንት ቅድመ ክፍያ ቢገባ ዋጋው ለስንት ቀን ሊያዝላት እንደሚችል ከአለቃው ጋር ጨርሶ ይመጣል። ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን ይጠይቃታል፤ የተከራዩት ቤት መብራቱ ሦስት ፌዝ ነው ወይስ አንድ? አንድ ከሆነ ይህ ማሽን ከመኪና ከወረደ በኋላ ቆጣሪው እስኪቀየር ሥራ ፈቶ ይቆማል፤ የቤቱ ኪራይ ግን አይቆምም። ቺንጋው ቢበጠስ መርካቶ ይገኛል ወይስ ከውጭ ይጠበቃል? የሚጠግነው ሰው ማን ነው? ይህን ሁሉ አንስቶ ምናልባት አነስ ያለውንና በአንድ ፌዝ የሚሠራውን ማሽን ይሸጥላት ይሆናል። ኮሚሽኑ ያንሳል። ሴትዮዋ ግን በሁለተኛው ወር ዳቦ እየሸጠች ነው፤ ምድጃ ሲያስፈልጋት ደግሞ ሌላ ሻጭ ፍለጋ አትወጣም።

ፍርሃትን ማቃለል እንደሚሸጥ ከሩቅ አገርም ጥሩ ማስረጃ አለ። በፈረንጆቹ 2009 መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ኢኮኖሚ በወደቀበትና ሰው በገፍ ከሥራ በሚባረርበት ሰዓት፣ የኮሪያው መኪና አምራች ሂዩንዳይ ለገዢዎቹ አንድ ቃል ገባ። መኪናችንን ገዝተው በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራዎን ካጡ ይመልሱልን አለ። ሌሎቹ ዋጋ በመቀነስ ላይ ሲረባረቡ፣ እነዚህ ሰው በእርግጥ ምን እንደፈራ ጠየቁ፤ መልሱም መኪናው መወደዱ ሳይሆን ደመወዙ መቅረቱ ነበር። በዚያ ጥር ወር የአገሪቱ የመኪና ገበያ በ37 በመቶ ሲወድቅ የሂዩንዳይ ሽያጭ በ14 በመቶ ጨመረ። በዓመቱ መጨረሻም ገበያው በ21 በመቶ ሲያንስ የእነሱ በ8 በመቶ ገደማ አደገ። መኪናውን የመለሰው ሰው ከሸጡት ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ነበር። መኪናቸው ከብዙዎቹ ርካሽ መሆኑም፣ በክረምቱ መንግሥት አሮጌ መኪና ለሚለውጡ ሰዎች ድጎማ መስጠቱም እንደረዳቸው አልክድም። ይሁን እንጂ የጥር ወሩ ውጤት የታየው ድጎማው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ርካሽ መኪና የሚሸጡ ደግሞ እነሱ ብቻ አልነበሩም።

የእኛ ሴልስ እንዲህ ያለ ቃል መግባት አይችልም፤ ድርጅቱ አይፈቅድለትም። ከኮሪያ ኩባንያ ይልቅ በደንብ ሊያውቀው የሚችለው ነገር ግን አለ፤ የደንበኛውን የገንዘብ ወራት። በአገራችን ገንዘብ በየወሩ እኩል አይገባም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ የጥድፊያ ግዢ ነው፤ ያን ጊዜ ሰነዱ ያልተሟላ አቅራቢ እስከሚቀጥለው በጀት ይጠብቃል። ሐምሌ አነስተኛ ነጋዴው ስለ ግብር የሚያስብበት ወር ነው፤ በዚያ ሰሞን አዲስ ዕቃ ይዞለት የሚሄድ ሻጭ ሰውየውን አያውቀውም ማለት ነው። በመስከረም የቤተሰብ ኪስ ለዩኒፎርም፣ ለደብተርና ለበዓል ተከፋፍሎ አልቋል። በገጠር ገንዘብ የሚታየው ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ የውኃ ፓምፕም ሆነ ሶላር የሚሸጥ ሰው ያን ወቅት ከተማ ተቀምጦ ካሳለፈው ዓመቱ አለፈው። በዐቢይ ጾም ቅቤና ወተት የሚያከፋፍለው ሲቀዘቅዝ የዘይትና የሽሮ አከፋፋይ ይሯሯጣል። ከሁሉ በላይ ዕቁብ አለ። ባንክ ብድር በጨበጠበት ዘመን የትንሽ ነጋዴ የኢንቨስትመንት ገንዘብ ከዕቁብ ነው የሚመጣው። የሃምሳ ደንበኞቹን የዕቁብ ዕጣ በደብተር የያዘ ሻጭ፣ ማን በየትኛው ወር መግዛት እንደሚችል ከባንክ ሥራ አስኪያጅ የበለጠ ያውቃል። «እርስዎ ዕቁብዎ ጥር ላይ ስለሚደርስዎ አሁን አይበደሩ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ እደውልልዎታለሁ» የሚል ሻጭ የዛሬውን ሽያጭ አሳልፎታል፤ የጥር ወሩን ግን ይዞታል።

ዱቤውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ብድር ሲጠብ ነጋዴው የባንኩን ሚና ለአቅራቢው ይሰጠዋል፤ ዕቃ በዱቤ ይወስድና የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ያስይዛል። ታርጌት ያንገበገበው ሴልስ ይህን እንደ ቀላል መንገድ ያየዋል፤ ዕቃው ወጥቷል፣ ቁጥሩ ተመዝግቧል፣ ቼኩ መሳቢያ ውስጥ አለ። ቀኑ ደርሶ ቼኩ ስንቅ ሲያጣ ግን ነገሩ የሽያጭ መሆኑ ያበቃል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በወር 20 ካርቶን መሸጥ ለሚችል ሱቅ 60 ካርቶን ጭኖ የሄደ ሻጭ ድርጅቱን ገንዘብ አሳጥቷል፣ ባለሱቁን ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት በር ገፍቶታል። ሦስቱንም፣ ሱቁንም ገንዘቡንም ስሙንም፣ በአንድ ቀን ያጣል። ዱቤን መቼ መከልከል እንዳለበት የሚያውቅ ሻጭ በችግር ጊዜ ከሁሉ የሚፈለግ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሸጥ የሚችልማ ብዙ አለ።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያውና ከባዱ የወር መጨረሻ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን የማድርበት ጊዜ የለኝም፤ መሠረታዊ ደመወዜ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ በ30 ካልሸጥኩ በ5 እባረራለሁ» የሚለውን ልጅ አላቃልለውም። በኮሚሽን የሚኖር ሰው ትዕግሥት ይኑርህ ሲባል ቢቆጣ እውነቱን ነው። መልሴ ሁሉንም ደንበኛ ጠብቅ የሚል አይደለም። ታርጌትህን ዛሬ መግዛት በሚችሉትና መግዛት በሚገባቸው ሰዎች ሙላው ነው፤ ለዚህ ደግሞ እነማን መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህንን የሚሰጠው ያው የገንዘብ ወራት ደብተር ነው። የማያውቀውን መቶ ሰው በፍርሃት የሚያሯሩጥ ሻጭ፣ አቅማቸውን የሚያውቃቸውን አሥር ሰዎች ከሚያናግር ሻጭ ይልቅ የበለጠ የታክሲ ገንዘብና የስልክ ካርድ ይጨርሳል። ድሮ የገዙትም አሉ። ከሸጠ በኋላ «ማሽኑ እንዴት ነው?» ብሎ የሚደውል ሻጭ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ የደወለለት ሰው ሁልጊዜ አንድ ስም ይሰጠዋል፤ የእህት፣ የጎረቤት፣ የዕቁብ ጓደኛ ስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ገንዘብ ከሌለ መታመን ብር አይፈጥርም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የሞተ ገበያን ማንም ሻጭ አያስነሣውም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው የሚሸጡትን ነገር መቀየር፣ ለመቀየርም ቀድሞ መማር ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር የመኪና ሻጩ ዕውቀት በአንድ ጊዜ አረጀ። ስለ ሞተርና ስለ ማርሽ የሚያውቀው ሁሉ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ጥያቄ መልስ አልሆነም። በአንድ ቻርጅ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያደርሳል? መብራት ሲጠፋስ? ባትሪው ቢደክም ዋጋው ስንት ነው? ስሸጠው ማን ይገዛኛል? የመጨረሻውን ጥያቄ በልበ ሙሉነት የሚመልስ የለም፤ «ይህን አላውቅም፣ የማውቀው ይህን ያህል ነው» የሚል ሻጭ ግን ሌላውን ሲናገር ይታመናል።

ሦስተኛው፣ የሚዋሹት ቀድመውኛል የሚለው ነው። ቀድመውህ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ በሚገዛው በቤት ሽያጭ። አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ አይመጣም፣ ርክክቡ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያኔ ሻጩ ሌላ ድርጅት ገብቷል። ይህን በሻጩ ጨዋነት ብቻ ማስተካከል አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ግን ሕጉ ብቻውን አይበቃም፤ ሻጩን በፊርማ ቀን ከፍለው የሚያሰናብቱት ድርጅቶች ናቸው። ደንበኛው ፊርማውን ባኖረ ማግስት ሙሉ ኮሚሽን የሚከፍል ድርጅት «ፈርመህ አምጣ፣ የቀረው አያገባህም» እያለ ነው። ከኮሚሽኑ የተወሰነው በፊርማ፣ የተወሰነው ገንዘቡ ሲሰበሰብ፣ ቀሪው ዕቃው ወይም ቤቱ በተባለው ሁኔታ ሲረከብ ቢከፈል፣ ሻጩ ደንበኛውን እስከ ርክክቡ ድረስ አይለየውም። ለልጁም በቀዘቀዘው ወር የሚገባ ገንዘብ ይተርፈዋል። ሴልስ የሚቀጥሩ ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን የኮሚሽን ውል ስታዘጋጁ የክፍያውን ቀን ከየት እስከ የት እንደምትዘረጉት አስቡበት።