በክረምቱ ዕረፍት ጸጥታ ለሚሹ ጎልማሶች፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

የትምህርት ቤት በር በሰኔ መጨረሻ ሲዘጋ የየቤቱ ሐሳብ ወደ ዕረፍት ይዞራል። አቅም ያለው ልጆቹን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ላንጋኖ ይወርዳል። ልጅ ውኃ ይወዳልና ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ዕረፍታቸው ከተማሪዎች ዕረፍት ጋር በግድ የተቆራኘባቸው ጎልማሶች አሉ። ዋነኞቹ መምህራን ናቸው። ባልና ሚስት ሁለቱም በማስተማር ሥራ የሚተዳደሩ ቢሆኑ፣ ዓመቱን በተማሪዎች ድምፅ መካከል ኖረው፣ ዕረፍት አገኘን ብለው ሻንጣቸውን ሲያነሡ ያው ድምፅ በዋና ገንዳ ዳር ይቀበላቸዋል። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ጨርሰው፣ ሳያርፉ ተመልሰው፣ በመስከረም እንደ ገና ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ።

በሌላው ዓለም ለዚህ ነገር መላ ተፈልጎለታል። በባሕር ላይ ከወደብ ወደብ እየተዘዋወሩ መንገደኛ ከሚያዝናኑት መርከቦች መካከል ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ከቶ የማያሳፍሩ አሉ። በአገራችን ግን «ልጅ አይገባም» የሚል ጽሑፍ በእንግዳ ማረፊያ በር ላይ መለጠፍ ለዐይንም ለጆሮም ይከብዳል፤ ደግሞም አያስፈልግም፤ ቦታው ራሱ እንግዳውን ይመርጣልና። ጸጥታ የሚሻ ሰው በአንድ ስፍራ ስላለው ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ሌለውም ይጠይቅ። የዋና ገንዳ የሌለበት፣ ብርድና ዳገት ያለበት ስፍራ በዕረፍት ወራት ሰው አይበዛበትም። እንዲህ ያለውን ለማግኘት ሰው ሁሉ ወደ ቆላ ሲወርድ ወደ ደጋ መውጣት ይበቃል። ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው በሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚቀድም ቃል አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ በዚያ አገር መንገድ መጓዝ እንደ ቀድሞው በልብ ሙሉነት የሚደረግ ነገር አልሆነም። ስለዚህ ማንም ከቤቱ ሳይነሣ በአካባቢው ከሚኖር ዘመድ ወይም በመንገዱ ዘወትር ከሚመላለስ ሾፌር የዕለቱን ወሬ ይጠይቅ። መንገዱ አያስተማምንም ከተባለ ጉዞውን ለሌላ ዓመት ማቆየት ነው እንጂ «እኔን ምን ያገኘኛል» ማለት አይገባም። ከዚህ በታች የምንጽፈው መንገዱ ሰላም ሲሆን ለሚነሣ መንገደኛ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖና ጫጫ ከታለፉ በኋላ ገብስና በግ የሞላበት ሰፊ ሜዳ ይከተላል። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ሲሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ናት። ይህ ልዩነት በደረት ይታወቃል። የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ፤ ጤነኛውም በመጀመሪያው ቀን ቀስ ብሎ ይራመድ። ስለዚህ አንድ ሌሊት በከተማዪቱ አድሮ በማግሥቱ ወደ አንኮበር ማለፍ ይበጃል።

ከተማዪቱን የቈረቈሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ንጉሡ የነገሡት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ስፍራ በሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሠሩበት ይነገራል። ከታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በየ76 ዓመቱ ገደማ የሚመለሰው ባለ ጅራት ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ዛሬ ግን ደብረ ብርሃን ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ የጭነት መኪና ሌሊቱን ሁሉ የሚያልፍባት የሥራ ከተማ ናት። እኛም ለማደሪያ እንጂ ለማረፊያ አንመርጣትም።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ለጥ ያለው ሜዳ ጎረቤላን አልፎ በድንገት ያልቅና ምድር የተቈረጠች ይመስላል። ከእግር በታች ሸለቆ፣ ከሸለቆውም ማዶ ቆላው እስከ አፋር ምድር ተዘርግቶ ይታያል። በዚህ ገደል አፋፍ ላይ ጕብ ብላ የምትታየው ኮረብታ አንኮበር ናት።

አንኮበር ከጥንት ጀምሮ ጸጥ ያለች ስፍራ አልነበረችም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነገሡበት ዘመን የሸዋ ቤተ መንግሥት መቀመጫ ስለ ነበረች፣ ግብር ሲገባ፣ ሠራዊት ሲሰበሰብ፣ ባለጉዳይ ሲጮኽ ይሰማባት ነበር። ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ ከሥሯ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ግመሉን ያራግፋል፤ አሞሌ ጨውና ቡና በዚያ ይለዋወጣል። በ1833 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በዚሁ መንገድ ከነጓዙ ደረሰ። በተከታዩ ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ ስለ ሸዋ በሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በኋላም ንጉሥ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. የአባቶቻቸውን ዙፋን ሲይዙ መናገሻቸው ይህችው አንኮበር ነበረች። መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ከተቈረቈረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሜዳው ሲወርድ ግን መኳንንቱም ነጋዴውም ተከትለው ሄዱ። ዛሬ መንገደኛው የሚያገኘው ጸጥታ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ አጠገብ ተቀምጦ ጉሙ ከሸለቆው ሲወጣ የሚመለከት ሰው፣ የአዲስ አበባ ሁካታ ሁሉ አንድ ጊዜ ከዚህ ኮረብታ ላይ እንደ ነበረ ቢያስብ አይሳሳትም።

በኮረብታው ላይ በጥንቱ ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ አለ። መኪና ከሥር ይቆምና ቀሪው ዳገት በእግር ይወጣል። ጕልበታቸው የደከመ እናት ወይም አባት አብረው ከሆኑ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ማረፊያው ሥራ ላይ መሆኑንም በስልክ ጠይቆ መነሣት ብልኅነት ነው።

በክረምት የአንኮበር ጉም ብርቱ ስለ ሆነ ቀኑን በጧት መጀመር ይገባል። በማለዳ ገደሉ ሲገለጥ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በእግር ወርዶ መሳለም፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ መመልከት፣ ወፍ የሚወድም ሰው በዚች ከተማ ስም የተጠራችውንና በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘውን ትንሽ ቡናማ ወፍ መፈለግ ይችላል። ከቀትር በኋላ ጉሙ ሲዘጋ መጽሐፍና የገብስ ቆሎ ይዞ ከእሳት ዳር መቀመጥ ነው። «ታዲያ ምን ልናይ ሄድን?» የሚል ሰው ቢኖር ላንጋኖ ይሻለዋል።

የቀኑ አመራረጥ ከስፍራው አመራረጥ አያንስም። ሐምሌ 7 ቀን የሥላሴ በዓል ስለ ሆነ በደብረ ብርሃን ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ማክበር የሚሻ ይሂድ፤ ጸጥታ የሚሻ ግን ቀኑን ያሳልፍ። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ብዙ ምእመናን በየገዳሙ ሱባኤ ይይዛሉ። ሱባኤና ሽርሽር አንድ አይደሉምና በአንድ ሻንጣ ባይያዙ ይሻላል። በጳጉሜን ደግሞ ጠበል የሚሄደውና ለዘመን መለወጫ ወደ ወላጆቹ የሚጓዘው ሰው አውቶቡሱን ይሞላዋል። እንግዲህ የቀረው ጊዜ ከነሐሴ 17 ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ነው። ዝናቡም በዚያን ጊዜ መቅለል ይጀምራል፤ ጾሙ ስለ ተፈታም በየማረፊያው ምግብ ማግኘት አይቸግርም።

ልጆችን ትቶ መሄድ ይገባልን? ብለው የሚጠይቁ እናቶች ብዙ ናቸው። ጥያቄው የፍቅር ነውና አይናቅም። በእኛ አስተያየት ግን ጡት ያልጣለ ወይም የታመመ ልጅ ከሌለ ሦስት ሌሊት የሚከብድ አይደለም፤ ልጆችም ከአያታቸው ቤት ሲያድሩ በተረትና በእሸት በቆሎ ይደሰታሉ እንጂ አይጎዱም። የሚሄዱበትን ስፍራና የሚመለሱበትን ቀን ለልጆቹ በግልጥ መንገር፣ በየማታውም በስልክ ድምፃቸውን መስማት ይገባል። አያቲቱ ግን ያለ እጅ መንሻ አይቅሩ፤ በመልስ ጉዞ በደብረ ብርሃን ገበያ ጎራ ቢሉ ከመንዝ በግ ጠጕር የተሠራ ባና አይታጣም፤ ሻጩ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍ አድርጎ እንደሚጠራ ማወቅ ብቻ ነው።