የቢታም መሬት ትዞራለች

ዛሬ ከፋ፣ ቢታ ገነት ቡና ይዘን ዝናቡ መውጫ ሲያሳጣን፣ ከልጆቹ አንዱ በስልኩ የአልሞ ተኳሾች ቪዲዮ ከፈተልን። ሰውዬው «መሬት ስለምትሽከረከር ጥይቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል» እያለ የጠመንጃውን መነጽር ያስተካክላል። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ! ግማሹ «ውሸት ነው» አለ፤ ግማሹ «እዚህም ወደ ቀኝ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እዚያ ጫጫታ ውስጥ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

ነገሩ እውነት ነው። ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 በስሌት አሳይቶታል። ግን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል እንደ ኬክሮሱ ይለያያል፤ ዋልታ ላይ ይበረታል፣ ምድር ወገብ ላይ ይጠፋል። እኛ ደግሞ 7 ዲግሪ ላይ ነን! ኢላማው 1,000 ሜትር ርቆ፣ ጥይቱ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢበር፣ ለንደን ላይ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ቀኝ ይስታል። ቢታ ላይ 1.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ።

ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ግን የእኛ ነው። መሬት እኛን ይዛ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትሮጣለች። ወደ ምሥራቅ ከተኮሱ ጥይቱ በዚያ ሩጫ ላይ የራሱን ይደርባል፣ ክብደቱ በጥቂቱ ይቀላል፣ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያርፋል። ወደ ምዕራብ ከሆነ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። በ100 ሜትር ግን አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

አንድ አባት «ነፋሱንስ ማን አየው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በሩቅ ተኩስ ቀላል የጎን ነፋስ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ይህን ስጽፍ የተማሪ ቤቱ ነገር መጣብኝ። «መሬት እንዲህ ከሮጠች ወፏ ለምን ወደ ኋላ አትቀርም?» ብዬ ብጠይቅ መምህሩ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ «ቁጭ በል፣ ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። አየሩም አብሮን እንደሚዞር ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? ያኔ እጄን ማውጣት ተውኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አሁንም የሚጠይቁ ልጆች አሉ፣ አሁንም ቁጭ በሉ ይባላሉ። የሚያጠኑትም የሰው አገር ምሳሌ ነው። ፉኮ የመሬትን መዞር ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ላይ የሰቀለውን ፔንዱለም ሥዕል ሁላችንም አይተናል፤ እዚያ የመወዛወዣ አቅጣጫው ዞሮ አንድ ዙር ለመጨረስ 32 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እዚህ ከፋ ቢሰቀል ወደ 8 ቀን እንደሚፈጅ ማን ነገረን?

ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የፊዚክስ ልጆች፣ እባካችሁ ረጅም ሽቦና ከባድ ኳስ ፈልጋችሁ አንድ ስቀሉልን። በሰዓት 2 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፣ ወለሉ ላይ መስመር ካሰመራችሁ በዓይን ይታያል። የቢታን ልጆች ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።