ድሬ ላይ ሃይብሪድ ሲነዳ፦ የባትሪው አፍንጫ የት ነው?

ከቀትር በኋላ የድሬዳዋ ሱቆች በራቸውን ይዘጋሉ። ሰው ወደ ቤቱ፣ ወደ ጫቱ፣ ወደ እንቅልፉ ይገባል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከዛፍ ሥር የቆመ መኪና ዕድለኛ ነው፤ ጥላ ያጣው ግን በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ገደማ በሚደርሰው ሙቀት መስኮቱ እንደተዘጋ ሲጋገር ይውላል። አሥር ሰዓት ላይ ባለቤቱ ሲመለስ መሪው አያስይዝም፣ ወንበሩ አያስቀምጥም። ይህን የድሬ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። የሚረሳው፣ መኪናው ሃይብሪድ ከሆነ ከኋላ ወንበር ጀርባ ትልቁ ባትሪም አብሮ ሲጋገር መዋሉ ነው።

ድሬ ለመኪና እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ በመጣው ባቡር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የባቡር ድርጅቱ፣ የሸሚን ደፈር፣ ወርክሾፕ ስንት ባለሙያ አፍርቶባታል። ፈረንሳይ ሠራሹ ፔጆ 404 በድሬና በሐረር ታክሲ ሆኖ ትውልድ አሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ላይ የዋለ መኪና በዚህ ሙቀት ይህን ያህል የቆየው በተአምር አይደለም። ኮፈኑ ሲነሣ ሁሉ ነገር ለዓይን ይታያል፣ በእጅ ይደረስበታል። ራዲያተሩ ሲፈላ እንፋሎቱ ይናገራል፤ ካንዴላው ሲደክም ሞተሩ ያስላል። ሹፌሩም መካኒኩም በሽታውን በጆሮና በአፍንጫ ያውቁታል።

ሃይብሪድ እንዲህ አያስልም። ሕመሙን ውጦ ይከርምና አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል።

ቶዮታ ፕሪየስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው ይህ መኪና በሁለተኛው ትውልዱ 28 ትንንሽ ባትሪዎች ተደርድረው 201.6 ቮልት የሚሰጡበት ጥቅል ይዟል። የጥቅሉ ዋና ጠላት ሙቀት ነው፤ በጋለ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው፤ አየሩን ደግሞ ከውጭ አይስብም። ከኋላ ወንበር ጎን ባለች ወንፊት መሳይ ቀዳዳ በኩል ተሳፋሪው የሚተነፍሰውን አየር ይጋራል። የባትሪው አፍንጫ እሷ ናት።

የድሬ ሹፌር ሳያውቀው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ኤሲውን ያጠፋል፣ አራቱንም መስኮት ያወርዳል። ትኩሱ አየርና የመንገዱ አቧራ አብረው ይገባሉ፤ የባትሪው ማራገቢያም ሁለቱንም ይምጋል። ከጊዜ በኋላ አቧራው ከፀጉርና ከጨርቅ ብናኝ ጋር ተጋግሮ የማራገቢያውን ክንፎች ያለብሳቸዋል። ቀዳዳዋ ደግሞ በጫት ፌስታል፣ በነጠላ ወይም በሕፃን ልብስ ከተሸፈነች ባትሪው ታፈነ ማለት ነው። ለሃይብሪድ ባለቤት ኤሲ ቅንጦት አይደለም፤ የተቆጠበው ቤንዚን ባትሪ ለመቀየር ከሚወጣው ገንዘብ አጠገብ ኢምንት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ከመነሣቱ በፊት በሮቹ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተከፍተው የታመቀው ሙቀት ይውጣ፣ ከዚያ ኤሲው ይከፈት። ቀዳዳዋ በየወሩ በቫኪዩም ትጠረግ፤ ፊልትሮ ያላቸው ሞዴሎች ፊልትሯቸው ይታይ። ማራገቢያው በዓመት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ይጽዳ። ይህን የሚሠራው ግን የሠለጠነ ሰው መሆን አለበት፤ ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች ሰው ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ይሸከማሉ።

ኤሲውም የራሱ አመል አለው። በአብዛኞቹ የቶዮታ ሃይብሪዶች ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ሳይሆን በትልቁ ባትሪ ኃይል ይዞራል፤ ስለዚህ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልዩ ዘይት ነው። ጋዝ የሚሞላው ባለሙያ ለሌሎች መኪኖች የሚጠቀምበትን ዘይት ቢጨምርበት የኮምፕሬሰሩን የኤሌክትሪክ መከላከያ ያበላሸዋል። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ባለቤቱ «ዘይቱ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ኩላንትም እንዲሁ ነው። ፕሪየስ ከሞተሩ ሌላ፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ ለሚቀይረው ኢንቨርተር ብቻ የሚዞር ኩላንት አለው፤ ጎድሎ ሲገኝ የቧንቧ ውሃ መጨመር የተለመደ ነው። የድሬን ውሃ ያፈላ ሰው ግን ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያ ቅርፊት በኢንቨርተሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥም ይጋገራል። ትክክለኛውን ኩላንት መግዛት፣ የሚያዞረው ፓምፕም መሥራቱን ማየት ይሻላል።

ውድ መኪኖችን ሙቀቱ በሌላ በኩል ይይዛቸዋል። ከስፕሪንግ ይልቅ በአየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ የሚቆሙ መርሴዲሶችና መሰሎቻቸው፣ ጎማው በሙቀትና በዕድሜ ሲሰነጣጠቅ ጠዋት በአንድ ጎን ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ሞተሩ ሲነሣ መኪናው ተመልሶ ቀጥ ይላልና ባለቤቱ ችላ ይለዋል። ያፈሰሰውን አየር ለመተካት ያለ ዕረፍት የሚሠራው ኮምፕሬሰር ግን ይቃጠላል፤ አንዱን ከረጢት በመቀየር ያልቅ የነበረው ወጪ እጥፍ ይሆናል። «ዕድሜ ልክ አይቀየርም» የሚባለው የካምቢዮ ዘይትም ለድሬ አቧራና ለሐረርጌ ዳገት የተነገረ አይደለም። የብዙ አምራቾች የአገልግሎት መጽሐፍ አቧራማና ሞቃት ቦታ ለሚሠራ መኪና አጠር ያለ የለውጥ ጊዜ ለብቻው ያስቀምጣል።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ደቻቱ አለ። በበጋ ሰውና መኪና እንደ ልቡ የሚሻገረው አሸዋ፣ ደጋ ላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት ወንዝ ይሆናል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው መግደሉን ከተማዋ አትረሳም። ከሁሉ በፊት የሰው ሕይወት ነው፤ ለመኪናውም ቢሆን ከኋላው ትልቅ ባትሪ የተሸከመ ሃይብሪድ በጭቃ ውሃ ከተሞላ ማድረቅ ብቻ አያድነውም።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከተነገረ በኋላ፣ አገር ውስጥ ያለው ሃይብሪድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሆኗል። ገዢው ሊጠነቀቅበት የሚገባው የተጠገነ ባትሪ ነው። ከፕሪየስ 28 ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ ሲሞት እሱን ብቻ ቀይሮ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል፤ የቀሩት 27ቱ ግን ያው የደከሙት ናቸው፣ ከወራት በኋላ ሌላው ይከተላል።

ለዚህ ምርመራ ድሬ ሌላ ከተማ የሌለው መሣሪያ አላት፤ የደንገጎ ዳገት። ከተማዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ደግሞ እየተጠማዘዘ 2,000 ሜትር አካባቢ ወዳለው የሐሮማያ ደጋ ይወጣል። ስካነር ተሰክቶ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ሰው ተጭኖ ይወጣል። በስካነሩ ላይ የሚታዩት የባትሪዎቹ 14 ጥንዶች ቮልታቸው ተቀራራቢ ሆኖ አብሮ ከወረደ ደህና ነው፤ አንዱ ብቻውን ካሽቆለቆለ ዳገቱ አጋለጠው። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ባትሪውን ቶሎ ይሞላዋል፤ ከሞላ በኋላ ተጨማሪ ስለማይቀበል ማርሹን «ቢ» ላይ አድርጎ ፍሬኑን በሞተሩ ማገዝ ያስፈልጋል።

ታች ሲደረስ ደላላው ጥላ ፈልጎ ስለ ዋጋ ማውራት ይጀምራል። ልምድ ያለው ገዢ በኋላ በር ይገባል፣ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ዕቃ ያነሣል፣ ጆሮውን ወደ ቀዳዳዋ ጠጋ አድርጎ ማራገቢያው እንዴት እንደሚተነፍስ ያዳምጣል።