ነጎድጓድ የሚቀሰቅሳቸው ጉርጦች

አሪዞና ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሙቀትና ቁልቋል ነው። እኔን የማረከኝ ግን ጉርጥ ነው።

በሐምሌ፣ ቱሳን ከተማ አጠገብ፣ በሶኖራ በረሃ ላይ ዝናብ ወረደ። እንደ አገራችን ክረምት ቀኑን ሙሉ አያካፋም፤ ደብድቦ፣ አጓርቶ ይሄዳል። ጨለማው ሲወርድ ጎርፍ ካቆረው ውሃ ዳር የግልገል ጩኸት ሰማሁ። በግ የለም፣ እረኛ የለም። በባትሪ ሳይ ቢጫ አረንጓዴ ወንድ ጉርጦች ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ሴቶቻቸውን ይጣራሉ። በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ እዚያው ቦታ የተሰነጠቀ አፈር ብቻ ነበር!

የካውች ጉርጥ ይባላሉ፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ሜክሲኮ ውስጥ እንስሳት ከሰበሰበው የአሜሪካ ጦር መኮንን ከዳርየስ ካውች የመጣ ነው። በኋላ እግራቸው ሥር እንደ ጥፍር የጠነከረ ጥቁር መቆፈሪያ አለ። በእሱ ወደኋላ እየቆፈሩ ይሰጥሙና የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በታች ያሳልፋሉ። የሚቀሰቅሳቸው እርጥበቱ ሳይሆን የዝናቡና የነጎድጓዱ ንዝረት ነው።

እዚያ ሥር እንዴት አይደርቁም? ሲቀበሩ በሽንት ፊኛቸው ከክብደታቸው ሲሶ ገደማ የሚሆን ቀጭን ሽንት ይይዛሉ፤ ሲጠማቸው ውሃውን መልሰው ወደ ደማቸው ይስባሉ። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ ዩሪያን ከማስወገድ ይልቅ በሰውነታቸው ያጠራቅማሉ፤ ገበሬዎቻችን በማዳበሪያነት የሚያውቁት ያው ዩሪያ ነው። ውሃ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ስለሚሳብ፣ ደማቸው በዩሪያ በወፈረ ቁጥር አፈሩ ውሃቸውን ሊነጥቃቸው ይቸግረዋል፤ እንዲያውም ከአፈሩ የሚስቡበት ጊዜ አለ። በእኛ ደም ውስጥ ይህን ያህል ቢገኝ ሐኪም ያሯሩጥ ነበር። ይህም ሳይበቃ፣ ከክብደታቸው ከ40 በመቶ በላይ በውሃ መልክ ቢያጡ እንኳ ይተርፋሉ።

ሲወጡ በአፋቸው አይጠጡም። ሆዳቸውን እርጥብ መሬት ላይ ለጥፈው በታችኛው ቆዳቸው ውሃ ይመጥጣሉ። ቀጥሎ ምስጥ ነው፤ አንድ ሁለት ሌሊት ከጠገቡ ለዓመት የሚሆን ስብ ያከማቻሉ።

ልጆቹ ግን ጊዜ የላቸውም። እንቁላሉ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ባለ ጭራዎቹ እጮች በስምንት ቀን ውስጥ እግር አውጥተው ወደ ደረቅ ሊወጡ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ኩሬው ከደረቀ ሁሉም ያልቃሉ።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ሐምሌን ምረጡ፤ ከዝናብ በኋላ በሌሊት ውጡ። በእጅ አትንኳቸው፤ የቆዳቸው ፈሳሽ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። አስፋልት ላይ ስለሚቀመጡም መኪናችሁን በዝግታ ንዱ።