ጳጉሜን ደሞዝ የላትም

በአገራችን ደሞዝ የሚከፈለው 12 ጊዜ ነው፤ ዓመቱ ግን 13 ወር አለው። ጳጉሜን አምስት ቀን ትሁን ስድስት፣ ለደሞዝተኛ ቤት የምታመጣው ገንዘብ የለም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው 35 ወይም 36 ቀን እንቁጣጣሽንም፣ መስቀልንም፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርምንም የሚችለው በአንድ ደሞዝ ነው። በዚያ ላይ የመኸሩ እህል ገና ማሳ ላይ ነው፣ ጎተራ ተሟጧል፣ ገበያ ተወዷል። በ1970ዎቹ ደሴ ውስጥ ያደግን የደሞዝተኛ ልጆች ጦም አድረን አናውቅም። ጳጉሜንን ግን አሳምረን እናውቃታለን።

አባታችን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ያኔ የመንግሥት ዝቅተኛው ደሞዝ በወር 50 ብር ነው፤ የእሱ ከዚያ ከፍ ይል ነበር፣ ቤቱ ግን ሰፊ ነው። እኛ ልጆች አለን፣ አያታችን አሉ፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣ የአጎታችን ልጅ አለ። አባታችን ፔሮል ላይ ፈርሞ የተቀበለውን ሳይሸርፍ ለእናታችን ይሰጣታል። እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትከፋፍለዋለች። የመጀመሪያው ድርሻ የባለሱቁ ዱቤ ነው። ከዚያ እቁብ፣ እድር፣ የወፍጮ፣ የላምባ። የተረፈው የወጥ ነው። ደሞዝ በወጣ ሰሞን ምስር ወጥና አልፎ አልፎ ሥጋ እንበላለን፤ ወሩ ሲጋመስ ክክና ድንች ይመጣል፤ ከዚያ ሽሮ፤ መጨረሻው ላይ ጎመንና ንፍሮ። ቀን መቁጠሪያ ሳናይ የወሩን ቀን ከድስቱ እናውቅ ነበር።

እናታችን የምትመራበት እውቀት በየትኛውም ትምህርት ቤት ሲሰጥ አላየሁም። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለእናታችን ይህ ልዩነት የወጥ ቤት ጉዳይ ነው። በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው የቃሉ ቆላ ማሽላ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ስለዚህ ማሽላ የሚገዛው ያኔ ነው። የደሴ ዙሪያ፣ የኩታበርና የለጋምቦ ደጋ በበልግ ዝናብ ገብስ ያበቅላል። በልጉ ከሠመረ ገብሱ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርስና ክረምቱን ያሻግራል፤ ቂንጬውም ቆሎውም በሶውም ከዚያ ነው። በልጉ የቀረበት ዓመት እናታችን ገና በሰኔ ፊቷ ይለዋወጣል። የጳጉሜን ችግር ከሦስት ወር በፊት ይታያታል ማለት ነው።

እቁቧንም በዚሁ ስሌት ነበር የምትጠብቀው። ዕጣው መስከረም ላይ ከወጣላት፣ ልጅ ለምታስመዘግብ ጎረቤት ትለቅላትና የእሷን ተራ ታኅሣሥ ላይ ትቀበላለች። የእቁቡ ዳኛም ይህን ያውቃሉ። በታኅሣሥ የእቁብ ገንዘብ ማሽላ በኩንታል ይገባል። ጤፉ ጥቂት ነው፤ ከማሽላው ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። ከምጣድ የወጣው እንጀራ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የሚበላ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ የሚሰጣ። ድርቆሹ በጆንያ ይቀመጥና ወር ሲያልቅ በሽንኩርትና በበርበሬ ፍርፍር ይሆናል። ዘይት ባለቀበት የጾም ሰሞን ተልባና ሱፍ አሉ። የሱፍ ፍትፍት የበላ ልጅ ድሃ ነኝ ብሎ አያስብም፤ እኛም አላሰብንም።

አክስታችን ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ከእሷ ዘንድ ማሽላና ማንጎ ይወጣል፤ ከእኛ ዘንድ ድንችና ገብስ ይወርዳል። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እህል ያኔ በኮታ የሚሰበሰበው በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነው፤ በየመንገዱ ኬላ አለ፤ ከቦታ ቦታ እህል የሚያዘዋውር ሰው ይፈተሻል፣ ይወረስበታል። ስንት እናት ነች አንድ ቁና ጤፍ ልብስ መሐል ጠቅልላ፣ ልጅ ላዩ ላይ አስቀምጣ ኬላ ያለፈችው! በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ቁጥጥሩ ሲላላ፣ የደሴ ሴቶች የተሰማቸውን እፎይታ አስታውሰዋለሁ። ስኳሩና ሳሙናው በቀበሌ ሱቅ በካርድ ነበር። ሰልፉ ገና ሳይነጋ ይያዛል፣ ብርዱ የደሴ ብርድ ነው። ያንን ጊዜ የሚናፍቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ሰልፉን አስታውሰዋለሁ።

1977ን ደግሞ ማንም ሊናፍቀው አይችልም። በዚያ ዓመት ጥቅምት የቢቢሲ ካሜራ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳየ፤ ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ናት። እኛ ግን ካሜራ ሳይመጣ በራችን ላይ አይተነዋል። ከሰሜንና ከምሥራቅ የመጡ፣ አገራቸውን ጥለው የወጡ ሰዎች ግድግዳ ሥር ተቀምጠው እናያለን። እናታችን የምትቀቅለው ንፍሮ በዚያ ዓመት በዛ፤ የእኛ ድርሻ ግን አነሰ። ልጆች ነንና አጉረመረምን። እሷ አልመለሰችልንም፤ ሳህኑን ይዛ ወጣች። ወር ካልደረሰለት ሰው የሚብስ፣ ወር የሌለው ሰው መኖሩን ያየሁት ያኔ ነው። ደሞዝተኛ መሆን በወሎ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የሚገባው የ1966ንና የ1977ን የወሎ ረሃብ ያየ ሰው ነው።

ከአባታችን ደሞዝ ሌላ የቤታችን ምሰሶ የባለሱቁ ደብተር ነው። ሰፈሩ ሸህዬ ይላቸዋል። ደብተራቸው ወፍራም፣ ጠርዙ የተበላ፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ያለው ነው። «እማዬ ሩብ ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና ስጧት ብላለች» ስንላቸው ይሰጡንና ይጽፋሉ። ከረሜላ ስንጨምር አይጽፉም፤ አይሰጡምም። ወለድ በሃይማኖታቸው ሐራም ነው፤ የእናታችን ዕዳ ከጻፉት በላይ አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ጳጉሜን ላይ ገጹ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ሲሻገር እናታችን አፍራ እሷው ራሷ ትሄዳለች። የሚሏት አንድ ነገር ነው፤ «አብሽሪ፣ መስከረም ይጥባ።»

ሸህዬ ሀብታም አልነበሩም። ሸቀጡን ከፒያሳ ነጋዴዎች የሚያመጡት እሳቸውም በዱቤ ነው። ሠራተኛው ለባለሱቁ፣ ባለሱቁ ለጅምላ ነጋዴው እያለ አንዱ የሌላውን ቃል ይዞ ወሩን ይሻገራል። አንድ ሰው ቢያጓድል ሰንሰለቱ ሁሉ ይነቃነቃል፤ ስለዚህ ዱቤ ያላጠፋ ሰው በሰፈሩ ቀና ብሎ አይሄድም። እናታችን ለልብስ የነበረውን ገንዘብ ለዱቤ ያዋለችባቸው በዓላት አሉ። አዲስ ልብስ ያላገኘንበትን እንቁጣጣሽ ዛሬ ሳስበው ልክ ነበረች እላለሁ።

የዛሬውን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ትሠራለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ሽሮው የጋራ ነው። ጤፍ በኩንታል መግዛት በሕልማቸውም የለም፤ እንጀራውን የሚገዙት ከጉልት በቁጥር ነው። ዘይቱ በፌስታል፣ ሽንኩርቱ በመደብ። ሒሳቡን ላሰበው ሰው ያማል፤ በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ሰው ለዚያው ምግብ በኩንታል ከሚገዛው የበለጠ ይከፍላል። እናታችን ከዚህ የዳነችው በእቁብ ነበር። እነዚህ ልጆች እቁብ ለመግባት እንኳ የሚተርፋቸው የለም።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በደርግ ጊዜ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ 50 ብር ደሞዝ 24 ዶላር ገደማ ነው ማለት ነው። በግንቦት 2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት፣ የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ያተኮረው ሐዋሳ ላይ ነው፤ በሐምሌ 2009 የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተስፋ አድርገው ከየገጠሩ የመጡት ልጆችም የዚሁ ዘርፍ ሠራተኞች ናቸው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ዶላሩም ራሱ የመግዛት አቅሙ ወርዷል። በዚያው በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ዓመታት አልፈው ግን የግሉ ዘርፍ ወለል ሳይወሰን ቆይቷል።

የመንግሥት ሠራተኛው ተሻሽሎለታል። በ2017 ዝቅተኛው ከ1,100 ብር ወደ 4,760፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ዲግሪ ይዞ የሚጀምረው ከ6,940 ወደ 11,500 ደርሷል። ጭማሪው የሚናቅ አይደለም። ግን በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። ጤፍ በኪሎ ከመቶ ብር በላይ ሲሆን፣ የስድስት ሺህ ብር ደሞዝተኛ ከነቤት ኪራዩ ስንት ኪሎ ይገዛል? እናንተው ቁጠሩት።

ከሁሉ የሚከነክነኝ የደብተሩ መዘጋት ነው። የዛሬ ሱቆች መደርደሪያ ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አያለሁ። ባለሱቆቹ ከሸህዬ የከፉ ሰዎች ስለሆኑ ነው ብዬ አላምንም። በ2014 የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዘይቱን ዛሬ በዱቤ የሰጠ ባለሱቅ በወሩ መጨረሻ በተከፈለው ገንዘብ ያንኑ ዘይት መልሶ ማምጣት አይችልም። ወለድ ያልጠየቀ ሰው ከኪሱ ከሰረ ማለት ነው። ዋጋ በየሳምንቱ በሚንቀሳቀስበት አገር ደግነት ብቻውን ደብተር አያቆምም።

ደብተሩን የተካው ስልክ ነው። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ቴሌብር መላና እንደኪሴ የሚባሉ ብድሮች አሉት፤ የእህቴ ልጅም ወር ሲያልቅባት ከዚያ ትወስዳለች። ሌሊትም ቢሆን ይሰጣል፣ ማንም አያያትም፣ አታፍርም። ይህን ጥቅሙን አልክድም። የአገልግሎት ክፍያ ግን አለው፤ ደሞዝ እንደገባ የራሱን ይቆርጣል። የተበደረችው ታምማ ይሁን እናቷ ሞታባት፣ አይጠይቅም። ጳጉሜንንም አያውቃት። ሸህዬ ግን እናታችን ለሁለት ቀን ሳትመጣ ብትቀር «ምን ሆነች?» ብለው ልጅ ይልካሉ።

ከጥቅምት 20 ገደማ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ድረስ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት በታጣቂዎች እጅ በነበሩበት ጊዜ፣ ባንክ ተዘግቶ ስልክም ተቋርጦ ነበር። ደሞዝም አልነበረም፤ በስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ለማንም አልሆነም። ከቤቷ ሳትወጣ የቆየችው እህቴ እንደነገረችኝ፣ ሰፈሩን ያሻገረው ጓዳ ውስጥ የቀረ ማሽላ፣ ከዘረፋ የተረፈ አንድ ሱቅና የጎረቤት ሲኒ ነው። ባለሱቁ የቀረውን ዱቄትና ዘይት ለሚያውቃቸው ቤቶች ሁሉ እየመዘገበ አከፋፈለ። ዕዳው ተከፍሏል ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «ሁሉም ከፈለ፤ ማን ይቀራል?» አለችኝ።

ስለዚህ ደብተሩ ጨርሶ አልሞተም። ሠራተኛ የምታሠሩ ሰዎች፣ የመስከረምን ደሞዝ ከእንቁጣጣሽ በፊት ማስቀደም ወይም ግማሹን በቅድሚያ መስጠት ከቻላችሁ አድርጉት፤ በዚያ ሳምንት የሚያደርገውን ነገር የእናንተ መዝገብ አያሳያችሁም። የደሞዝ ቦርዱም ሥራውን ይሥራ። እናንተ ደግሞ፣ አንባቢዎቼ፣ በሰፈራችሁ እስካሁን ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ካለ፣ ደሞዝ የገባ ዕለት ከሁሉ በፊት የእሱን ክፈሉ።