የለጠፍነው ዝርዝር

ባለፈው ረመዳን በመኝታ ቤታችን መተላለፊያ ግድግዳ ላይ አንድ የስም ዝርዝር ለጥፈን ነበር። ወረቀቱ ከተነሣ ቈይቷል፤ የተለጠፈበት ሙጫ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ ባለፍን ባገደምን ቍጥር እናየዋለን። ስለዚሁ ዝርዝር ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛው ጋር በአንድ ፎቅ የሚኖር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እናቱ በጠና መታመማቸውን ከአገር ቤት ይሰማል። ለዒድ ሄዶ እንዳያያቸው መሳፈሪያ የለውም። ይህንንም ለማንም አልተናገረም፤ እኛ ያወቅነው በስልክ ሲያወራ የሰማ የክፍል ተጋሪው ስለ ነገረን ነው። የተማሪ ወጉ ነውና ወዲያው ወረቀት ቀደን መዋጮ ጀመርን፤ በሦስት ቀን ከ31 ተማሪ 2,315 ብር ተሰበሰበ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ በወረቀቱ ራስጌ የልጁን ስም በትልቁ ጽፈን «ለተቸገረው ወንድማችን የተደረገ እርዳታ» አልን፤ ከሥሩም የሰጪዎቹን ስም ከነገንዘቡ ልክ ደረደርን፤ 200 ብር የሰጠውን ከላይ፥ 10 ብር የሰጠውን ከታች። ማታ ከአፍጥር በኋላ ሁሉም በተሰበሰበበት ፖስታውን አስረከብነው፤ አጨበጨብንም። አቀርቅሮ «አላህ ይስጥልኝ» አለና ወጣ።

በማግሥቱ ጧት ፖስታው በሒሳብ ያዣችን በር ሥር ተገኘ። ብሩን ብንቈጥረው አንድም አልጐደለም። ጓደኛችንም ዒዱን እዚሁ መኝታ ቤት ዋለ።

ተቈጣን እንጂ አላፈርንም። «ትዕቢት ነው፤ ደኻ ሆኖ መኵራት» አልን። ይህን ስንል የነበርነው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነን፤ በዚህ ጊዜ ከሁለቱም ወገን የተሻለ አልተገኘም። ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራው እንዳያውቅ የሚለውን ምክር በወንጌልም በሐዲስም ስንሰማ ያደግን ልጆች ነን።

ከመካከላችን በቀልድ «ሼኹ» እያልን የምንጠራው የወሎ ልጅ ነው ነገሩን የገለጠልን። «ለመሆኑ ያ ገንዘብ የማን ነበር?» ብሎ ጠየቀን። «የእኛ ነዋ!» አልነው። «የስሕተታችሁ መነሻ ይኸው ነው» አለን። በእስልምና ሕግ ዘካ ባለጠጋው ከገንዘቡ ላይ ቈንጥሮ የሚወረውረው ምጽዋት አይደለም። ቁርኣን በባለጠጋው ገንዘብ ውስጥ ለለማኙና ለተነፈገው የታወቀ ሐቅ አለ ይላል። ሐቅ የሚለው ቃል በእኛም ቋንቋ አለና ማስተርጐም አያሻም፤ ሐቁን የሚቀበል ሰው ባለዕዳ አይሆንም። የወርቅ 85 ግራም ያህል ዋጋ ያለው ገንዘብ አንድ የጨረቃ ዓመት በእጁ የቈየለት ሰው ከ40 አንዱን እጅ ያወጣል፤ ያ አንድ እጅ ገና ሳይወጣም የራሱ አይደለም።

ተቀባዮቹም በቁርኣን ስምንት ወገን ሆነው ተቈጥረዋል። ድኾችና ሚስኪኖች፥ ዕዳ ያጐበጣቸው ሁሉ አሉበት። ከስምንቱ የመጨረሻው መንገደኛው ነው፤ ይኸውም ከአገሩ ወጥቶ መመለሻ ያጣ ሰው ሲሆን፥ በአገሩ ሀብት ያለው እንኳ ቢሆን በመንገድ ላይ ሳለ ድርሻ አለው። ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። በዚህ ግቢ ውስጥ ከአገሩ ወጥቶ መሳፈሪያ ያልቸገረው ማን ነው? ሼኹም ጨምሮ፥ ዘካ የሚሰጠው ሰው ለተቀባዩ «ይህ ዘካ ነው» ብሎ መንገር ግዴታው እንዳልሆነ ብዙ ሊቃውንት መጻፋቸውን ነገረን። ስጦታን በመመጻደቅና በማስቀየም የሚያስከትል ሰው ምጽዋቱን ራሱ እንደሚያፈርስም ቁርኣኑ ያስጠነቅቃል። ስለ ጭብጨባ የተጻፈ ነገር ባናገኝም ከዚሁ የሚመደብ ይመስለናል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነው። በረመዳን መጨረሻ፥ ከዒዱ ሶላት በፊት የሚሰጥ ፊጥራ የሚባል ግዴታ አለ፤ በነፍስ ወከፍ የሁለት ኪሎ ተኩል ወይም የሦስት ኪሎ ያህል እህል ነው። በሻፊዒዎች መንገድ የዚያን ቀንና ሌሊት ቀለቡን የያዘና ትርፍ ያለው ሰው ሁሉ ይከፍላል፤ ድኻ ነኝ ማለት አያድንም። ጓደኛችንም በዚያ በመከረኛው ሳምንት ፊጥራውን ከፍሎ ነበር፤ ለማን እንደ ሰጠ እስከ ዛሬ አናውቅም። እኛ ተመጽዋች ብለን በግድግዳ ላይ ስንለጥፈው እርሱ ሰጪ ነበር።

የነቢዩ የልጅ ልጅ ስለሆኑት ስለ ሑሴን ልጅ ስለ ዓሊ የሚተረክ አለ። በመዲና ከተማ ሌሊት ሌሊት ምግብ በጀርባቸው ተሸክመው በድኾች ደጅ ያስቀምጡ ነበር ይባላል፤ ድኾቹ ሰጪው ማን እንደ ነበረ ያወቁት እርሳቸው ሞተው ምግቡ ሲቋረጥ ነው። በኦቶማን ዘመን ደግሞ በኢስታንቡል በመስጊዶች አጠገብ አናታቸው ጐድጐድ ያለ የድንጋይ ዐምዶች ይቆሙ ነበር፤ በዑስኩዳር ሠፈር ዛሬም የቀረ አለ። ያለው እጁን ሰድዶ ገንዘብ ያኖራል፤ የቸገረውም እጁን ሰድዶ የሚበቃውን ያነሣል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱ እጆች አንድ ናቸው።

ሒሳብ ያዣችን ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላም አልተረታም። «ዝርዝር ባይለጠፍ ገንዘቡን በልቼዋለሁ ባላችሁ ነበር» አለ፤ እውነት አለው። ቁርኣኑም በግልጽ መስጠትን መልካም ይለዋል እንጂ አይከለክልም፤ በስውር ለድኻ መስጠት ይበልጣል ነው የሚለው። የሰጪው ስም መጻፉ ለሌላው አርአያ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የተቀባዩ ስም በዚያ ወረቀት ራስጌ ምን ሊሠራ መጣ? ለሒሳብ ቁጥጥር የተሰበሰበውና የወጣው ልክ ይበቃ ነበር። ስሙን የጻፍነው ለቁጥጥር ሳይሆን ደግነታችን እንዲታይ ነው።

ጓደኛችን እናቱን ያያቸው ከሁለት ወር በኋላ ለዕረፍት ሲሄድ ነው። በሕይወት ቈይተውታል። ባይቈዩትስ ኖሮ? ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ «ተዉት፥ አልፏል» ብሎናል። ከዚያ ወዲህ ግን ከማንኛችንም እስክርቢቶ እንኳ ተበድሮ አያውቅም።

ከመስከረም ጀምሮ በሁለተኛው ፎቅ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጐን፥ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን አኑረናል። የተመለሰው 2,315 ብርም፥ ባለቤቶቹ ፈቅደው፥ የገባው በዚያ ነው። ቁልፍ የለውም። እስከ አሁን ሁለት ጊዜ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ በሳምንት ውስጥ እንደገና ገንዘብ ገብቶበታል። ሒሳብ ያዣችን ባዶ ያደረገው ችግረኛ ሳይሆን ሌባ ነው ባይ ነው፤ ቁልፍ ይደረግልኝ ይላል። ሼኹ ቁልፍ ከተደረገበት የቸገረው ሰው ቁልፍ ያዡን ለመለመን ይመለሳል ባይ ነው። እኛም ለሁለት ተከፍለናል፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ይቀርባል።